በአጎቴ ቆሽት ውስጥ ያለች ደሴት

ቃል እንደ ጉራጌ ነው፤ ተወልዶ ባደገበት ቀዬ አርፎ አይቀመጥም። ትናንት አገና ላይ ያያችሁት ዛሬ መርካቶ ነው፤ ነገ ጅማ፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ ስሟን ሰምታችሁ በማታውቋት ከተማ ሱቅ ከፍቶ፣ ሚስት አግብቶ፣ ዕቁብ ሰብስቦ ታገኙታላችሁ። ልዩነታቸው አንድ ነው። ጉራጌ የትም ይሂድ የት ለመስቀል ወይም ለአረፋ አገሩ ይገባል፤ ቃል ግን አንዴ ከወጣ ወጣ ነው። እናት አባቱን ይረሳል፤ ስሙን ይቀይራል፤ መንገድ ላይ አግኝታችሁ "የማን ልጅ ነህ?" ብትሉት የሚነግራችሁን መልስ እሱ ራሱም አያምነውም።

ይህን የምለው የቋንቋ ሊቅ ሆኜ እንዳይመስላችሁ። እኔ ወልቂጤ ውስጥ የፎቶ ኮፒ ቤት ያለኝ ሰው ነኝ። አንድ ክፉ ልማድ ግን አለብኝ፤ ሰው የሰጠኝን ወረቀት ሳላነብ ኮፒ ማድረግ አልችልም። ማሽኑ እስኪሞቅ አንድ አንቀጽ፣ ወረቀት እስኪገባ ሌላ አንቀጽ እያልኩ፣ የተማሪውን ሁሉ ትምህርት በቁንጽል ተምሬአለሁ። ከእያንዳንዱ ሙያ የመጀመሪያውን ገጽ አውቃለሁ። ሁለተኛውን ገጽ የሚያውቅ ሰው ሲገጥመኝ ወሬ እቀይራለሁ።

ታዲያ ባለፈው ዓመት አንድ ቀን ሦስት ተማሪዎች ተከታትለው መጡ። የመጀመሪያው የሕንፃ ተማሪ ነው። ወረቀቱ እንደሚለው በጥንቷ ሮም ድኻና መካከለኛው ሕዝብ ተደራርቦ በኪራይ ይኖርበት የነበረው ባለ ብዙ ፎቅ ቤት "ኢንሱላ" ይባል ነበር። ኮንዶሚኒየም ማለት ነው እንግዲህ። ሁለተኛው የኤሌክትሪክ ተማሪ ነው፤ የሱ ወረቀት ደግሞ ኮረንቲ እንዳያልፍ ሽቦ ስለሚለብሰው ነገር ያወራል፤ ስሙ "ኢንሱሌተር"። ሦስተኛዋ የጤና ተማሪ ናት፤ የሷ ወረቀት ርዕስ "ኢንሱሊን" ይላል። እኔም "እነዚህ ሦስቱ የአንድ እናት ልጆች ናቸው እንዴ?" አልኩና ስልኬን ከፍቼ ዘር ማንዘራቸውን መቁጠር ጀመርኩ። ባልጀመርኩት ይሻለኝ ነበር።

እናትየዋ የላቲን ቃል ናት። "ኢንሱላ" ማለት ደሴት ነው። እስከዚህ ጥሩ። ኢንሱላ ራሷ ከየት መጣች? ሲባል ግን አዋቂዎቹ እርስ በርስ ይተያያሉ። አንዱ "በጨው ባሕር ውስጥ ያለች" ከሚል ተጣጥፎ የመጣ ነው ይላል፤ ሌላው ይህን የባልቴት ተረት ነው ብሎ ያጣጥለዋል፤ ሦስተኛው በጨዋ ደንብ "አይታወቅም" ይላል። አባቷ ያልታወቀው ይህች ቃል ወልዳ ከብዳለች። ጣሊያን ውስጥ ኢዞላ፣ ስፔን ውስጥ ኢስላ፣ ፈረንሳይ ውስጥ ኢል የሚባሉ ልጆች አሏት። በኮሮና ጊዜ ሰው ስሙን ሲሰማ የሚሸሸው ያ ኢሶሌሽን የሚሉት ድንኳንም የልጅ ልጇ ነው። የእንግሊዙ አይላንድ ግን፣ መልኩ ቁርጥ እሷን ሆኖ ሳለ፣ ዘመዷ አይደለም! ከሌላ ቤት የተወለደ ነው፤ ሊቃውንት ተሳስተው የሷ ልጅ ነው ብለው አንድ ፊደል ጨመሩለት፤ እሱም ፊደሉን ተቀብሎ ዝም አለ። እናንተስ ውርስ ቢሰጧችሁ ትመልሱ ነበር?

ግራ ገባኝ። በውሃ የተከበበች ቁራሽ መሬት እንዴት የድኻ ፎቅ ሆነች? መንገድ በአራት በኩል ስለከበበው ነው ይላሉ። ይሁን። ፎቁ እንዴት ሽቦ ላይ ወጣ? ከሁሉ የከፋው ደግሞ መድኃኒቱ ነው። አንድ የሕክምና ተማሪ ቆሽትን በአጉሊ መነጽር ሲያይ፣ እንደ ባሕር በተዘረጋው ሥጋ መካከል ለብቻቸው ጉብ ጉብ ያሉ ነገሮች አየ፤ ኋላ ሌሎች ሐኪሞች "ደሴቶች" አሏቸው፤ ከደሴቶቹ የሚፈልቀውም ኢንሱሊን ተባለ። እንግዲህ አስቡት፤ ባሕር ባላየንበት አገር፣ አረ ሸይጣን የሚባል ሐይቅ ያላት ቡታጅራ እንኳ ደሴት በሌላት ዞን፣ እያንዳንዳችን በሆዳችን ደሴት ይዘን እንዞራለን። ማን አማክሮን?

ነገሩን እዚህ ላይ ትቼው ነበር። ያልተወኝ አጎቴ ነው።

አጎቴ ብርጋ ከአገና ወጣ ብሎ ይኖራል። የስኳር በሽተኛ ነው፤ ኢንሱሊን ይወጋል። ልጆቹ አዲስ አበባ ስለሆኑ ወደ ሆስፒታል የማመላልሰው እኔ ነኝ። የሚስቱ ስም ወለላ ነው፤ እሷ ላይ እንኳ ሰው ይቀልዳል፣ "በስኳር በሽተኛ ቤት ወለላ ምን ይሠራል?" እያለ። ያን ሰሞን ግን ቀልዱ ቀርቶ ነበር፤ አጎቴ ከሳ። መድኃኒቱን እየተወጋ ስኳሩ አልወርድ አለ። የክትትሉ ነርስ፣ ሲስተር ሀና፣ እያንዳንዱን ነገር መረመረች። ይወጋሉ? እወጋለሁ። የት ያስቀምጡታል? ውሃ በተረጨ አሸዋ ላይ፣ ሸክላ ውስጥ። እስቲ ፊቴ ይወጉ። ተወጋ፤ እንደ ባለሙያ። መጠኑን ጨመረችለት። በሚቀጥለው ቀጠሮ ስኳሩ ያው ነው። ደግማ ጨመረች። ያው ነው። "አባባ፣ እንዲህ ከቀጠለ ዓይንዎም እግርዎም ያሰጋኛል" አለችው። እሱ ቆቡን እያዟዟረ መሬት መሬት ያያል። እኔ ፈራሁ፤ በእውነት ፈራሁ። አባቴ ከሞተ ወዲህ "አንተ ልጅ" ብሎ የሚጠራኝ የቀረኝ እሱ ብቻ ነው።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ላጽናናው ብዬ የማውቀውን የመጀመሪያ ገጽ ዘረገፍኩለት። ስለ ቆሽቱ፣ በውስጡ ስላሉት ደሴቶች፣ ደሴቶቹ ሥራ ስላቆሙበት ነገር። ሰማኝና፦

"ደሴት ማለት ዙሪያውን ውሃ የከበበው መሬት አይደለም?" አለ።

"ነው።"

"ጎረቤት የለውማ?"

"የለውም።"

"ታዲያ እንዲህ ተቀምጦ ባይሠራ ምን ይገርማል?" አለና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። መለስ ብሎ ደግሞ፣ "የኔ ቆሽት እንኳ በደሴት አይደለም፤ ቆሽቴን ያሳረረው ሙዘይን ነው" አለ።

ሀጂ ሙዘይን ማን እንደሆኑ ልንገራችሁ። ፊት ለፊት የሚኖሩ ጎረቤቱ ናቸው። በሁለቱ ቤት መካከል ያለው ጀፎረ ነው፤ የሁለት ረድፍ ቤቶች የጋራ የሆነ ሰፊ የሣር መንገድ፣ ከብትም ሠርግም ለቅሶም የሚያልፍበት። ሁለቱ ሰዎች ከልጅነታቸው አብረው ያደጉ ናቸው። አንዱ ክርስቲያን አንዱ ሙስሊም ስለሆኑ ሥጋ አብረው አይበሉም እንጂ ሌላው ሁሉ የጋራ ነበር። ኋላ ከመንደሩ ዳር በሚዋሰኑበት ማሳ ላይ በአንድ ረድፍ እንሰት ተጣሉ። "የኔ ናት"፣ "የኔ ናት" ተባባሉና ነገሩ ሽማግሌ እጅ ገባ። ሽማግሌ እጅ የገባ ነገር እስኪቆረጥ ድረስ ደግሞ ባላጋራዎች ሰላምታ አይለዋወጡም፤ እሳት እንኳ አይጫጫሩም። ሽማግሌዎቹም አይቸኩሉም። አንድ ጊዜ ለቅሶ ይመጣል፣ አንድ ጊዜ ዝናብ፣ አንድ ጊዜ የሽማግሌዎቹ የራሳቸው ጠብ። እንዲህ እያለ ክርክሩ ከእንሰቷ ዕድሜ በለጠ፤ እንሰቷማ ተፍቃ ተበልታለች።

ለመስቀል አገር ቤት ገባሁ። ሀጂ ሙዘይን በዚያው ሰሞን የልጅ ልጅ ተወልዶላቸው ቡታጅራ ሄደው ነበር። በማግስቱ ረፋድ ላይ ቤቱ በሰው እንደ ሞላ፣ ክትፎው ገና ሲዘረጋ፣ አጎቴ ያልበው ጀመር። እጁ ይንቀጠቀጣል። ላሚቱን በሞተው ወንድሙ ስም ጠራት። እኔ የመጀመሪያው ገጽ ትዝ አለኝና "ስኳሩ ወጥቶበታል! ጣፋጭ ነገር አርቁ!" ብዬ ጮህኩ። ወለላ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ገፍትራኝ አለፈችና በጣቷ ማር ዝቃ የአጎቴን ጉንጭ ከውስጥ ትቀባ ጀመር።

"ምን እየሠራሽ ነው? ልትገድይው ነው እንዴ?"

"ሲስተር የነገረችን ነው፤ ዞር በል አንተ!"

ዞር አልኩ። ስኳር የበዛበት ሰው በስኳር እጦት እየሞተ፣ ማር እያዳነው፣ ማሩን ደግሞ ወለላ የምትባል ሴት እየቀባችው፤ እንዲህ ያለ ነገር በየትኛው ገጽ ላይ ተጽፏል? እግዜር ይመስገን፣ ጥቂት ቆይቶ አጎቴ ዓይኑን ገለጠና ይህ ሁሉ ሰው ለምን እንደቆመ ጠየቀ። መኪና ፈልገን ሆስፒታል ወሰድነው።

ሲስተር ሀና ስኳሩን ለካችና ደነገጠች። "ወርዶ ነበር! ያ አልወርድ ያለው ስኳር! አባባ፣ ዛሬ ምን የተለየ ነገር አደረጉ?"

አጎቴ ቆቡን አዟዟረ። ወለላ ነጠላዋን አጣጠፈች፣ ዘረጋች፣ ደግማ አጣጠፈች። እኔ ከአንዱ ወደ አንዱ አያለሁ።

አጎቴ እዚያው አደረ፤ በማግስቱ ሀጂ ሙዘይን ወደ ሆስፒታሉ መጡ። ወሬው ቡታጅራ ድረስ ደርሶ፣ ሌሊቱ ሲነጋ የመጀመሪያውን መኪና ይዘው ነው የመጡት። ከዘራቸውን እያንኳኩ ገቡና "አሰላሙ ዐለይኩም" አሉ፤ ለማንም ሳይሆን ለክፍሉ። አጎቴ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ግን አይቻለሁ፤ ለግድግዳው መለሰ።

"ልጄ" አሉ ሀጂ ለሲስተር ሀና፣ "ለዚያ ለተኛው ሰውዬ ንገሪልኝ። ስሄድ የኔን ድርሻ አስቀምጡልኝ ብዬ ለሚስቱ ነግሬ ነበር በይልኝ።"

አጎቴ ለግድግዳው መለሰ። "ለሰውዬው ንገሩልኝ። የሱን ድርሻ አልወሰድኩም፤ ሲስተር ለኔ ያዘዘችውን ነው የተወጋሁት በሉልኝ።"

"የምን ድርሻ?" አለች ሲስተር ሀና።

ጠየቀች፣ ደገመች፣ ተቆጣች፤ በመጨረሻ ወለላ ማልቀስ ስትጀምር ነገሩ ፈሰሰ። ሀጂም ለካ የስኳር በሽተኛ ናቸው! አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ዘመድ ጥየቃ ሄደው ታመው፣ እዚያ ተመርምረው ኢንሱሊን ታዞላቸው ነበር። ለማንም አልተናገሩም። ቡታጅራ ያሉት ልጆቻቸው የሠሩት ፎቅ አለ፤ አባታቸው መታመማቸውን ቢሰሙ ሦስተኛው ፎቅ ላይ አውጥተው ሊያስቀምጧቸው ቀን የሚጠብቁ ልጆች ናቸው። እዚህ ሆስፒታል ካርድ ቢያወጡ ደግሞ ወሬው በዚያው ቀን ቡታጅራ ይገባል። ያመጡት መድኃኒት አለቀ። ወለላ አንድ ጠዋት እኚህን ሰው ከጀፎረው ዳር ተቀምጠው ከጀሪካን ውሃ ሳያቋርጡ ሲጠጡ አየቻቸውና ለባሏ ነገረችው። የባሏን የውሃ ጥም ታውቀዋለቻ! አጎቴ በነጋታው ከተወጋ በኋላ ብልቃጡን በእጇ አስያዛትና "ለዚያ ሰውዬ" አላት። ይኸው ነው። ከዚያ ወዲህ ብልቃጡ በወለላ ነጠላ ሥር ጀፎረውን ሲያቋርጥና ሲመለስ ከረመ። መድኃኒቱ ለሁለት እንዲበቃ ደግሞ እያንዳንዳቸው የታዘዘውን ግማሽ ግማሽ ይወስዳሉ። ሲስተር ሀና መጠኑን በጨመረች ቁጥር እነሱ እኩል ይካፈሉታል።

ሲስተር ሀና ግንባሯን ያዘች። "መርፌውንም?"

"አስተግፊሩላህ! መርፌማ የየራሳችን ነው" አሉ ሀጂ ተቀይመው። "ምን ያህል ባለጌ አድርገሽን ነው?"

"ታዲያ ትናንትና እርስዎስ ምን ሆነው ነው ሙሉውን የወሰዱት?" አለች ወደ አጎቴ ዞራ።

አጎቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከግድግዳው ዞረ። "ሰውዬው አልነበረማ። በዓል ነው፤ አንድ ቀን እንኳ እንዳዘዝሽኝ ልሁን ብዬ ነው።"

አያችሁ? ሕግ አክብሮ ሊሞት ነበር። ሲስተር ሀና አንዴ ልትስቅ፣ አንዴ ልትጮህ ፈልጋ ጮኸች። በሌላ ሰው መድኃኒት መጫወት ሞት መሆኑን፣ ስኳር ሲበዛም ሲያንስም እንደሚገድል፣ ብልቃጥ እንደ ቆጮ እንደማይቆረስ ነገረቻቸው። እኔም ተራዬን ጠብቄ አጎቴን ለብቻው ያዝኩት። "ሰላም የማትለውን ሰው፣ ቆሽቴን ያሳረረው የምትለውን ሰው፣ በገዛ ሕይወትህ! ለምን?"

"ሽማግሌዎቹ አትነጋገሩ አሉን እንጂ" አለ፣ "ተያዩና ተሟሟቱ አላሉንም።"

ይህ ከየትኛውም ሙያ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የለም።

ከዚያ በኋላ የሆነው እንዲህ ነው። ለሀጂ ካርድ ወጣላቸው። እንደፈሩትም ወሬው ቡታጅራ ገባ፤ ልጆቻቸው መኪና ይዘው መጡ። ሀጂ ከጀፎረው ላይ ቁጭ ብለው "ከዚህ አልነሣም፤ ከዚያ ፎቅ ላይ ሆኜ ማንን ላይ? ማንስ ያየኛል?" አሉ። ልጆቹም ክፉ አይደሉም፣ "አባባ፣ ብቻዎን ሳሉ ስኳሩ ወርዶ ቢጥልዎትስ?" ብለው ጠየቁ። እውነታቸውን ነው፤ ሀጂ ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው። በመሐል ወለላ ከአጥሯ ወጥታ መጣችና ባሏ ለማንም እንዳይነገር ብሎ የላከውን ለሁሉም ተናገረች። "ጠዋት ጠዋት በሩ መከፈቱን እኔ አያለሁ፤ ያልተከፈተ ቀን ሰብሬ እገባለሁ ብሏል።" ልጆቹ ተያዩ፤ መኪናቸውን አዞሩና ያለ አባታቸው ሄዱ።

አሁን የአጎቴ ስኳር ወርዷል። የሀጂም እንዲሁ። ብልቃጡ የየራሳቸው ስለሆነ ጀፎረውን የሚያቋርጥ የለም፤ ወለላ እግሬ አረፈ ትላለች፣ ግን ደስ ያላት አትመስልም። ሽማግሌዎቹ አፍረው ነገሩን ባስቸኳይ እንቁረጠው ብለው ሁለቱንም ጠሯቸው። እንሰት የለ፣ ምስክር የለ፣ ምን ይቆረጣል? አጎቴ ግን "ጊዜ ስጡኝ" አለ። ሀጂም "ጊዜ ስጡኝ" አሉ። እኔ በበኩሌ ከደሴቱም ከጀፎረውም የገባኝ ነገር የለም፤ የገባችሁ ካላችሁ ኮፒ ቤት ብቅ በሉና ንገሩኝ።

ባለፈው ሰሞን አጎቴ ደውሎ "ለሲስተር ንገርልኝ፤ ቀጠሮዬን ከሰውዬው ጋር አንድ ቀን ታድርግልኝ" አለኝ። ለምን ብለው "ለመኪና ይመቻል" አለ። አደረገችለት። አብሬያቸው ሄድኩ። አጎቴ ከፊት ወንበር፣ ሀጂ ከኋላ፤ እስከ ሆስፒታሉ ድረስ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ደረስን። አጎቴ ወረደና ጥቂት ራመድ ብሎ ጀርባውን ለሚኒባሱ ሰጥቶ ቆመ። ሀጂ ቀስ እያሉ ነው የሚወርዱት፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል።

"አጎቴ፣ ወረፋው ሳይሞላ እንግባ እንጂ። ማንን ነው የምትጠብቀው?" አልኩት።

"ማንንም!" አለኝ ተቆጥቶ። የሀጂ ከዘራ መሬት ነክቶ ሲያንኳኳ እስኪሰማ ድረስ ግን ካለበት አልተነቃነቀም።